ዝንጀሮ ያሸሸ ሙዚቃ

ቴፒ ውስጥ ሰው ሙዚቃውን ስላልወደደለት የሚኮራ ሰው ፈልጉ ብትባሉ፣ ብዙ ሳትደክሙ አባቢያን ታገኙታላችሁ። ሌላው ሙዚቀኛ «ስሙኝ» እያለ ይለምናል፤ አባቢያ እንዳይሰሙት ይጠነቀቃል። አንድ ቀን አንድ ባጃጅ የእሱን ሥራ ከፍቶ በደጁ ሲያልፍ ሰማ። ደስ ይለዋል ስትሉ፣ ምሳውን ሳይበላ ዋለ። «በቃ አለቀለት! ባጃጅ ውስጥ የገባ ሙዚቃ ምን ቀረው?» እያለ ሲብሰለሰል ቆይቶ፣ ያን ሥራ ከኢንተርኔት ላይ አጠፋው። ወይ ጉድ! የሰው ልጅ የበሽታው ዓይነት ብዛቱ።

እንጀራው ገበያው አጠገብ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ናት። ስልክ ይጠግናል፤ ከገጠር ለሚመጣ ገበያተኛ ሚሞሪ ላይ ዘፈን ይጭናል። ገበሬው «አዲስ የወጣ፣ ሞቅ ያለ ነገር ሙላልኝ» ሲለው፣ አባቢያ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቱን አጨፍግጎ ይሞላለታል። ደንበኛው ሲወጣ ግን በሩን ገርበብ ያደርግና አሮጌ ላፕቶፑን ከፍቶ ወደ ገዛ ዓለሙ ይገባል። ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው የሚሠራው። ክራር የለበት፣ ዘፋኝ የለበት። የቡና መፈልፈያ ማሽን ሲንቋቋ ይቀዳና ከበሮ ያደርገዋል። ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲዘንብ ይቀዳና እንደ ጽናጽል ያስጮኸዋል። ቤዙን የለቀቀው እንደሆነማ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት የስልክ ሽፋኖች ይረግፋሉ።

ማን ይሰማዋል ካላችሁ፣ አንዱ ጓደኛው ኢክሪማ ነው፤ ጎኑ ያለው ፀጉር ቤት የእሱ ነው። ኢክሪማም ቢሆን ወዶ አይደለም፤ የሚለያያቸው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ነው። ሌሎቹ በኢንተርኔት የሚያገኙት፣ መልካቸውን የማያውቃቸው ጥቂት ሰዎች ናቸው። «ጥቂት ናቸው፤ ግን የገባቸው ናቸው» ይላል። ስለ ሕዝብ ዘፈን ስትጠይቁት ደግሞ መልሱ አጭር ነው፦ «ሁሉ ያኘከው ዘፈን ገራባ ነው።» ጫት በሚቃምበት አገር ገራባ ምን እንደሆነ ማንን ይጠፋዋል? ቅጠሉ ተበልቶ የተወረወረው እንጨት ነዋ።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚመካበት «ማለዳ» ያለው ነው። ይህን ሲሠራ ግን አንድ ነውር ፈጽሟል። እናቱ እትዬ ዘይቱ ጠዋት ጠዋት ከአልጋው የሚቀሰቅሱበት ድምፅ አላቸው። ሰፈሩ ሰዓት አያስፈልገውም፤ እሳቸው ሲጮሁ ሁሉም ይነሳል፤ የማይነሳው አባቢያ ብቻ ነው። እና አንድ ቀን ብርድ ልብሱ ውስጥ ተሸፋፍኖ «ተነስ! ተነስ ብያለሁ! ፀሐይ አናትህ ላይ ወጥታለች እኮ!» የሚለውን ቁጣ በስልኩ ቀዳ። ከዚያ ቆረጠው፣ ጎተተው፣ አወፈረው፣ አጎረነነው፤ መጨረሻ ላይ ከመሬት ሥር የሚያጉረመርም ነገር ሆኖ ወጣ። ከኢክሪማ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም። እትዬ ዘይቱ ራሳቸው አንድ ቀን በሱቁ በር ሲያልፉ ሰምተውት «አዑዙ ቢላህ! ይሄ የጅኒ ድምፅ ነው!» ብለው ጆሯቸውን ይዘው ሮጠዋል።

እንዲህ ያለውን ሰው የወደደች ልጅ ደግሞ ነበረች። ላምያ ትባላለች፤ በአባቷ የጨርቅ መደብር ልብስ ትሰፋለች። ላምያ ሰው የወደደውን ዘፈን ሁሉ ትወዳለች፤ ስትሰፋም እያንጎራጎረች ነው። ሰው ካልወደደው ነገር የወደደችው አንድ አባቢያን ብቻ ነው። አባቢያም ያን የገራባ ዘፈን ከእሷ አፍ ሲሰማው ለምን እንደሚጣፍጠው አይገባውም፤ ግን ይጣፍጠዋል፤ አልዋሽም።

ሽማግሌ ተላከ። የላምያ አባት ሐጂ ጀዋር ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበሉና አዳመጡ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ልጁ ጨዋ ነው፤ እናቱንም አውቃቸዋለሁ። ስልክ መጠገኑንም ሰምቻለሁ። ያ ቀን ሙሉ ሲያንጓጓው የሚውለው ነገር ግን ምንድነው? ለማን ይጠቅማል? አንድ ሰው ‹ጠቀመኝ› ሲል ከሰማሁ ልጄን እሰጣለሁ። ካልሰማሁ ግን ላፕቶፕ ታቅፎ ለሚውል ሰው ልጅ የለኝም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከመሀላቸው አንዱ ዝም ከምል ብለው «ለጤና ይሆናል» አሉ። ጎናቸው የነበሩት በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው።

በማግስቱ ላምያ ሱቁ ድረስ መጣች። «ስማ፣ ከሚዛን አንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ሽማግሌ ሊልክ ነው። የአባቴን ቃል ታውቃለህ፤ አይታጠፍም። አንድ ሰው ፈልግ፣ አባቢያ። አንድ ሰው!»

«ኢክሪማስ?»

ከግድግዳው ወዲያ ኢክሪማ «እኔን ተወኝ!» ብሎ ጮኸ።

«እንግዲያው በሌላ በር ግባ» አለችው ላምያ። «የበቆሎ ጠባቂያችን ታሟል። ሄደህ ለአባቴ ጠብቅላቸው፤ ቢያንስ በደግ ዓይን ይዩህ።»

ሐጂ ጀዋር ወደ ጌጫ በሚወስደው መንገድ፣ ጫካ ጥግ፣ ሰፊ የበቆሎ ማሳ አላቸው። በቆሎው እሸት ሲይዝ ዝንጀሮው ከጫካ ይወርዳል፤ ማሳው መሀል በተሠራው የእንጨት ማማ ላይ ሰው ወጥቶ ካልጠበቀ ወቅቱ አለቀ ማለት ነው። ላምያ ራሷ እንዳትጠብቅ፣ ዝንጀሮ ሴት አይፈራም። ይህ በአገሩ የታወቀ ነው፤ ሴት ድንጋይ ብትወረውር ቁጭ ብሎ ያያታል ይባላል። ስለዚህ አባቢያ ሄደ። ላፕቶፑንና ትልቁን ባለ ባትሪ ስፒከሩን ተሸክሞ ማማው ላይ ወጣ። እዚያም ሥራ ሊሠራ ነው እንግዲህ!

ዝንጀሮዎቹ ብዙም አላስጠበቁትም። ከፊት አንድ ግንባረ ሰፊ አውራ እየመራ መጡ። አባቢያ ወንጭፍ ቢያዞር ድንጋዩ ወደ ኋላው ሄደ። ቢጮህ፣ ድምፁን ከእናቱ አልወረሰም፣ የታፈነ ሳል ይመስላል። አውራው ተቀምጦ ካየው በኋላ አንድ እሸት ሸልቅቆ መብላት ጀመረ። አባቢያ ተስፋ ቆረጠና «ብሉ እንግዲህ፤ እኔም ሥራዬን ልሥራ» ብሎ «ማለዳ»ን ከፈተ።

ቡና መፈልፈያው ሲንቋቋ ዝንጀሮዎቹ ቀና አሉ። ዝናቡ ሲገባ ተያዩ። ያ «ተነስ!» የሚለው ሲያጉረመርም ግን፣ ያ አላህ! እናቶቹ ልጆቻቸውን አንጠልጥለው፣ አውራው የጎረሰውን ሳይውጥ፣ ሁሉም እየተገፋፉ ጫካ ገቡ። አባቢያ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ቅር አለው፣ ቀጥሎ ደግሞ እየቆየ ኩራት ተሰማው። «ዝንጀሮ እንኳ አልወደደውም!» አለ ለራሱ። ከዚህ በላይ ንጹሕ ሙዚቃ ወዴት አለ?

የጎረቤት ማሳ ጠባቂዎች ይህን አይተው ኖሮ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቴፒ ገባ። ሐጂ ጀዋር ራሳቸው መጥተው ዝንጀሮው ሲሸሽ በዓይናቸው ካዩ በኋላ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ሱብሐነላህ! ይሄ ነገር ይጠቅማል!» አሉ። ቃላቸው ቃል ነው፦ በቆሎው ሲሰበሰብ ኒካህ ይታሰራል ተባለ። ላምያ መደብሩ ውስጥ እልል ስትል የምትለካት ደንበኛ በመርፌ ተወጋች።

ከዚያ በኋላ የአባቢያ ሱቅ በሰው ተጨናነቀ። ገበሬው ከጌጫ ይመጣል፣ ከማሻ ይመጣል፤ ሚሞሪውን ዘርግቶ «የዝንጀሮውን ጫንልኝ» ነው። ሸካ ዞን ውስጥ ያለ ማማ ሁሉ «ማለዳ»ን ያስጮኸው ጀመር። ቀን ሙሉ የሰሙት ጠባቂዎች ደግሞ፣ ሰው ነውና፣ ለመዱት። ከለመዱት በኋላ ወደዱት። ከወደዱት በኋላ ማማው ላይ እስክስታ ይመቱበት ጀመር። ዘፈኑ ከማሳ ወደ ከተማ ገባ፣ ከከተማ ሚዛን ደረሰ፣ አማን ላይ ሰርግ ቤት ተጨፈረበት። ተማሪው መንገድ ላይ ድምፁን አጎርንኖ «ተነስ! ተነስ ብያለሁ!» እያለ ይሯሯጣል። ባጃጁን ተዉት፤ ባጃጅ ሁሉ እሱን ብቻ ነው የሚያጫውተው። አባቢያንም ሕዝቡ ስም አወጣለት፦ ዲጄ ዝንጀሮ። ሽማግሌው ሳይቀር «እንዴት አደርክ፣ ዲጄ ዝንጀሮ?» እያለ በአክብሮት ባርኔጣውን ያነሳለታል።

ሌላው ቢሆን ፈጣሪውን ያመሰግን ነበር። አባቢያ ግን በሽታው ተነሳበት። ከሳ፤ እህል አልበላ አለው።

«ገራባ አደረጉት!» አለ ለላምያ። «እዚያ ጩኸት ላይ ሲደርስ ሁሉም አብሮ ይጮሃል። እሱን ላወጣው ነው። ጩኸቱ ወጥቶ ንጹሑ ብቻ ይቀራል።»

«በአላህ ይዤሃለሁ፣ ተው! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማህም? በቆሎው እስኪሰበሰብ እንኳ ተው።»

አልተወም። የእናቱን ድምፅ ከ«ማለዳ» ነቅሎ አወጣ። ወላዋይ እንዳይሆን አሮጌውን ከነቅጂው፣ ስልኩ ላይ ከቀዳው ቁጣ ጭምር አጠፋ። ከዚያ ለገበሬው ሁሉ «የተሻሻለ ወጥቷል» ብሎ አስነገረ። የተሻሻለ ከተባለ ማን ይቀራል? ሰልፍ ይዞ አስቀየረ። እዚህም እዚያም የቀረው አሮጌው ቅጂ ስልክ በስልክ አፍ ላይ ተደቅኖ የተቀዳ ስለሆነ እንደ ትንኝ ጢዝ የሚል ነበር።

ዝንጀሮዎቹ ንጹሑን ሙዚቃ በሰሙ ጊዜ ቆሙ። አዳመጡ። ከዚያ ተቀመጡና ምሳቸውን ቀጠሉ። በሐጂ ጀዋር ማሳ አውራው ማማው ላይ ወጥቶ ስፒከሩን ተደግፎ ሲበላ ታየ። ልጆቻቸው በቤዙ ልክ ሲፈናጠሩ ነበር የሚሉም አሉ፤ እኔ አላየሁም። አባቢያን ከሁሉ የቆረጠው ይሄ ነው። ንጹሑን ሥራውን ተቀምጦ ያዳመጠለት የመጀመሪያው ሕዝብ ዝንጀሮ ሆነ!

ሐጂ ጀዋር ሱቁ ድረስ መጡ። አልጮሁም፤ መጮኻቸው ይሻል ነበር። «ልጄ፣ እስኪ አሁን ለማን ጠቀመ? ለዝንጀሮው! እንደ ሆቴል እንግዳ በሙዚቃ ምሳ ያበላቸዋል። እኩሌታው በቆሎ አልቋል። ቀሪው ካለቀ ቃሌም አብሮ አለቀ። የሚዛኑን ሰው ሽማግሌዎች ጁምዓ እቀበላለሁ።» ወጥተው ሄዱ።

አባቢያ ወንበሩ ላይ ተዘፈዘፈ። ኢክሪማ መላጫውን እንደያዘ መጣ። «አንተ ሞኝ፣ የሚሸሹት ከሙዚቃህ አልነበረም። ከእናትህ ነበር።»

«ዝንጀሮ ሴት አይፈራም!»

«እናትህን የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ ያለው። ሂድና አስቆጥተህ ቅዳቸው!»

ቀላል መስሎት ነበር። እትዬ ዘይቱ ግን ልጃቸው ሚስት ሊያገባ ነው ከተባለ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነዋል። አባቢያ ሆን ብሎ እስከ ረፋድ ቢተኛ፣ ቀስ ብለው ገብተው ሌላ ብርድ ልብስ ደረቡለት። የሚወዱትን ስኒ ቢሰብር «ይሁን፣ ክፉው ነገር አብሮት ይሂድ» አሉ። ጫማውን ከነጭቃው ምንጣፉ ላይ ቢያቆም ራሳቸው አንስተው አጠቡለት። በመጨረሻ ጨነቀውና «እማ፣ እንደ ድሮው ተቆጪኝ እስቲ» አላቸው።

«ምን አድርገህ ልቆጣህ፣ የኔ ሙሽራ?»

«ዝም ብለሽ። ‹ተነስ› በይኝ።»

እትዬ ዘይቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ፦ «ተነስ… የኔ ጌታ… ቁርስህ እንዳይቀዘቅዝ።» ከዚያ ሳቃቸው መጣ። በዚህ ድምፅ እንኳን ዝንጀሮ ዶሮም አይነሳ።

ጁምዓ ነገ ነው። አባቢያ ላምያን አሰበ፤ ከሚዛን ሰው ጋር ስትሄድ ታየችው። ስልኩን መቅጃው ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እውነቱን ከመናገር ሌላ መንገድ እንደሌለው ገባው።

«እማ፣ ያ የዝንጀሮው ዘፈን አለ አይደል?»

«ያ የጅኒው?»

«ጅኒ አይደለም። አንቺ ነሽ።»

አልገባቸውም። ስለዚህ ሁሉንም ነገራቸው። ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ እንደቀዳቸው፤ ድምፃቸውን ቆርጦ ጎትቶ እንዳጎረነነው፤ ከቴፒ እስከ ማሻ በየማማው የሚጮኸው የእሳቸው ቁጣ እንደሆነ፤ ዝንጀሮም የሚሸሸው ከእሳቸው እንደሆነ። ሲጨርስ እትዬ ዘይቱ ሻሻቸውን አጠበቁ።

ከዚያ መጣ። የታችኛው ሰፈር ውሾች መጮህ ጀመሩ።

«ድምፄን ገበያ አወጣኸው? የስንቱ ወንድ ኪስ ውስጥ አስገባኸኝ? አማን ሰርግ ቤት ጨፈሩብኝ! ያን ሁሉ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ስጮህ፣ እኔ ልጄን ለሥራ የማነሳ መስሎኝ፣ አንተ ከውስጥ ሆነህ ትቀዳኝ ነበር? ሰማይና ምድር ይታዘበን! ሰው እንድትሆንልኝ ነበር የጮህኩት! ዝንጀሮ፣ የጫካ ዝንጀሮ፣ በአንድ ቃል የሰማኝን፣ አንተ ይህን ዕድሜ ሙሉ አልሰማህም! አንድ ቀን ሰምተኸኝ ታውቃለህ? አንድ ቀን!»

አባቢያ አፈረ። ይህን ድምፅ ከማንም በላይ ሺህ ጊዜ ደጋግሞ ሰምቶታል፤ በጆሮ ማዳመጫ፣ ቃል በቃል፣ እየቆራረጠ። ምን እንደሚል ግን አንድም ቀን አስቦት አያውቅም። እንባው መጣ።

ስልኩን አነሳ። «ላጥፋው፣ እማ?»

እትዬ ዘይቱ ስልኩን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። «ለላምያ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አታጥፋው። ግን እንዳታጎረንነው። እኔ ጅኒ አይደለሁም።»

አላጎረነነውም። አልቆረጠውም። እንዳለ አስቀምጦ ከሥሩ ቡና መፈልፈያውን ብቻ አስገባ። በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ሐጂ ጀዋር በተገኙበት ማሳው ላይ ከፈተው። አውራው ዝንጀሮ እንደለመደው ስፒከሩን ሊደገፍ እየመጣ ነበር። «ሰማይና ምድር ይታዘበን!» የሚለው ላይ ሲደርስ ዞሮ ሮጠ። ሐጂ ጀዋርም ሳያስቡት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለዋል። ከዚያ ወደ አባቢያ ሳይሆን ቀጥታ ወደ እትዬ ዘይቱ ቤት ሄዱና፣ በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው፣ ስለ ኒካሁ ከእሳቸው ጋር በታላቅ ትሕትና ተነጋገሩ። ቀሪው በቆሎ ገባ። ላምያም ገባች።

ዛሬ ላምያ የስፌት መኪናዋን አባቢያ ሱቅ ውስጥ አስገብታለች። አዲሱ ሥራ ከአሮጌው የበለጠ ተወዷል፤ ሚስት ባሏን፣ አስተማሪ ተማሪዋን ልታስፈራራበት ትከፍተዋለች። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግን «የእትዬ ዘይቱ» ብሎ ነው። ዲጄ ዝንጀሮ የሚለው ስም ተረሳ። ስም የሚባለውን ነገር ይጸየፍ የነበረው ሰው፣ አንዳንዴ ባጃጅ ሲያልፍ አንገቱን አስግጎ፣ ማን ይሆን የሠራው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ያደምጣል። የሚጠይቅ የለም።

ባለፈው ገበያ ቀን አንድ የማሻ ገበሬ ሚሞሪ ይዞ መጣ። «የእትዬ ዘይቱን ጫንልኝ» አለ። አባቢያ ከፍቶ አሰማው። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን እየነቀነቀ ሰማና «አቤት ድምፅ! አቤት ቁጣ! የተባረከች ሴት ናት» አለ። ከዚያ ግንባሩን ቋጠር አደረገ። «ግን ይሄ ከኋላዋ ሆኖ የሚያንቋቋው ምንድነው? ሴትዮዋን አላሰማ አለኝ እኮ። እሱን አጥፍተህ ብትጭንልኝ?»

የስፌት መኪናው ቆመ። ላምያ ሳቋን በሁለት እጇ አፈነች።

አባቢያ ቀይ ሆነ፣ ጥቁር ሆነ። «አይጠፋም!» አለ፤ ድምፁ ሳያስበው የእናቱን መሰለ። «አይጠፋም! እሱ እኔ ነኝ!»

ሰውየው አባቢያን ከላይ እስከ ታች በአዘኔታ አየው።

«እሺ ወንድሜ፣ አትቆጣ። ይኑር» አለ። «ትንሽ ቀንሰው ብቻ።»

አባቢያ ትንሽ ቀነሰው።